ሁለት ጠርሙስ ባሮሎ በደሴ

የአክስቴ ልጅ የሚኖረው ቱሪን ነው። ባለፈው ዓመት ለእረፍት ሲመጣ በፈረንጆች አቆጣጠር የ2004 ምርት የሆነ ሁለት ጠርሙስ ባሮሎ የሚባል የኢጣሊያ ቀይ ወይን አመጣልኝ። ሁለቱም ከአንድ ጠማቂ ቤት፣ ከአንድ ሣጥን የወጡ ናቸው። አንዱን በሐምሌ፣ ሌላውን በጥር፣ ከእነዚያው ጓደኞቼ ጋር ደሴ ቤቴ ውስጥ ከፈትን። የሐምሌውን አበላሸሁት። የጥሩን ግን ዛሬም በተገናኘን ቁጥር እናነሳዋለን። ያረጀ ወይን ጠርሙስ ከጠርሙስ ሊለያይ ይችላል፤ ቢሆንም ያን ያህል ልዩነት ያመጣው አያያዜ እንደሆነ አልጠራጠርም።

ባሮሎ የሚጠመቀው ኔቢዮሎ ከሚባል የወይን ዘር ብቻ ነው። አገሩ ሰሜን ምዕራብ ኢጣሊያ፣ ፒየሞንቴ ውስጥ ላንጌ የሚባለው ኮረብታማ ስፍራ ነው። የዘሩ ስም ጉም የሚል ትርጉም ካለው ኔቢያ ከተባለ ቃል መጣ ይባላል፤ ፍሬው ዘግይቶ፣ ኮረብታውን ጉም በሚያለብሰው ወራት ይለቀማልና። የአክስቴ ልጅ ይህን ሲነግረኝ ዓይኔ ወደ ጦሳ ተራራ ሄደ። ጉም ምን እንደሆነ ለደሴ ልጅ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ወይኑን ገና ሳልቀምሰው የወደድኩት በዚህ ነው።

በሐምሌ ያደረግሁትን ልናገር። ጠርሙሶቹ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ በመኪና ሲናጡ መጥተው፣ በዚያው ምሽት አንዱን ከፈትኩ። ሃያ ዓመት ያረጀው ቡሽ መሐል ለመሐል ተሰብሮ ግማሹ ወደ ውስጥ ገባ። ብርድ ስለነበር ጠርሙሱን ከከሰል ምድጃው አጠገብ አስቀመጥኩት። ለወጉ ያምራል ብዬ በብርሌ ቀዳሁ። ዕጣን ይጨሳል፣ ቡና ይቆላል፣ ገበታው ላይ በበርበሬና በሚጥሚጣ የተሠራ ጥብስ ቀርቧል። ወይኑ ደፍርሷል፤ አተላው ምላስ ላይ እንደ አሸዋ ይሻክራል። ከበርበሬው ጋር ሲገናኝ ደግሞ መረረ፣ ጉሮሮ አቃጠለ። በሃያ ደቂቃ ውስጥ አለቀ። አንዱ ጓደኛዬ በትሕትና፣ «ጠጅ ብትጋብዘን ይሻል ነበር» አለኝ። አዘንኩ፤ ያዘንኩት ለራሴ ሳይሆን ሃያ ዓመት ለጠበቀው ወይን ነው።

ሁለተኛውን ጠርሙስ ቡሹ እንዳይደርቅ አጋድሜ፣ ብርሃን በማይገባበት ጓዳ አስቀመጥኩት። የጭቃው ግድግዳ ወፍራም ስለሆነ ጓዳው ቀንም ሌሊትም አንድ ዓይነት ቅዝቃዜ አለው። በደሴ አየር ላይ እንዲህ ያለ ጓዳ ያለው ሰው ሌላ ማቀዝቀዣ መፈለግ የለበትም። እዚያ ስድስት ወር ቆየ።

ከሁሉ የበለጠ ያስተማሩኝ ግን ጎረቤታችን እማማ ናቸው። ዕድሜያቸውን በጠላ ጠመቃ ያሳለፉ እናት ናቸው። የሐምሌውን ስነግራቸው፣ «ልጄ፣ አተላ ያለውን ነገር ነቅንቀህ ትቀዳለህ እንዴ?» አሉኝ። ታኒን የሚባለው፣ ከፍሬው ልጣጭና ዘር የሚወጣው ድድ የሚይዝ ነገር፣ በዕድሜ ብዛት ከቀለሙ ጋር እየተያያዘ ከታች ይዘቅጣል። የወይኑ መለዘብም የአተላው መምጣትም ከዚሁ ነው። የባሮሎ ደንብ ወይኑ ለገበያ ሳይወጣ ቢያንስ 38 ወር እንዲቆይ፣ ከዚሁ ውስጥም 18ቱን ወር በእንጨት በርሜል ውስጥ እንዲያሳልፍ ያዛል፤ የቀረው ሥራ ጠርሙሱ ውስጥ ዓመታት ይፈልጋል። እማማ ይህን ሁሉ ሳይሰሙ ዋናውን ነገር ያውቁታል፤ ጋኑ ካልረጋ ጠላው አይቀዳም።

በጥር፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ ጠርሙሱን ሁለት ቀን ቀድሜ ቀስ ብዬ አቆምኩት። ቡሹን ረጅም ጠመዝማዛ ባለው መክፈቻ፣ በየመሐሉ እያረፍኩ ሳብኩት፤ ጫፉ ተፈረፈረ እንጂ አልተሰበረም። የጠርሙሱን አፍ በንጹሕ ጨርቅ ጠረግሁ። ከዚያ እማማ አጠገቤ ቆመው፣ የስልኬን መብራት ከአንገቱ ሥር አብርቼ፣ ወደ መስታወት ማንቆርቆሪያ በአንድ ቀጭን ፍሰት አጠለልኩት። «አሁን!» ሲሉኝ አቆምኩ። ጥቁር ክር የመሰለ አተላ አንገቱ ላይ ደርሶ ነበር። ከታች ሁለት ጣት ያህል ቀረ፤ አልሳሳሁለትም።

ሙስሊሙ ጓደኛችን መጠጥ አይቀምስም፤ የእሱ ድርሻ ቡናው ነው። የሐምሌውን ያውቃልና፣ «መጀመሪያ የእናንተን ጨርሱ፤ እኔ ሦስት ሰዓት ላይ እመጣለሁ፣ ቡናውም ያኔ ይቆላል» አለ። ዕጣንም አልጨሰም። ሽታ ለማጣጣም ቤቱ ራሱ ሽታ ሊኖረው አይገባም። በብርሌ ፋንታ ሆዳቸው ሰፊ፣ አፋቸው ጠበብ ያለ ብርጭቆዎች ከአንድ ሆቴል ተዋስኩ። የብርሌ አንገት አፍንጫ አያስገባም፤ ወይኑንም ለማዞር አይመችም።

ጠጪዎቹ አራት ነን። ከ750 ሚሊ ሊትሩ አተላው ሲቀነስ ለአንድ ሰው ከ180 ሚሊ ሊትር በታች ይደርሳል። ስለዚህ እንደ ቡናችን በሦስት ዙር ከፈልነው፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ።

አቦሉን በ12 ሰዓት ቀዳን። ቀለሙ ሳሳ ያለ ነው፤ ጠርዙ ሸክላ መስሏል። ኔቢዮሎ ዱሮም ጥቁር ቀይ አይደለም፤ በሐምሌ ውሃ የበዛበት መስሎን ነበር። ሽታው ዝግ ነው። አፍ ውስጥ ብዙ እንደተፈላ ሻይ ድድ ይጨብጣል። ማንም ምንም አላለም።

ቶናው ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው። በዚህ መሐል በጨው ብቻ፣ ከነስቡ የተጠበሰ የበግ ሥጋ ቀረበ፤ በርበሬ አጠገቡ አልደረሰም። ስቡና ጨዉ የወይኑን ጭብጥ ሲያላሉት ሁላችንም በአንድ ጊዜ ተያየን። ሽታውም ተከፈተ። የወይን መጻሕፍት ባሮሎን ጽጌረዳና ሬንጅ ይሸታል ይላሉ። ጓደኞቼን ግን ቃል ከመጽሐፍ አትዋሱ፣ የምታውቁትን ጥሩ አልኳቸው። አንደኛው ዓይኑን ጨፍኖ ቆየና፣ «አገልግል ነው፤ እናቴ ለመንገድ ስንቅ የምትቋጥርበት፣ ክዳኑ ሲነሣ» አለ። በትክክል ነው፤ ያረጀ ቆዳ ማለቱ ነው። ሌላው የደረቀ የትምባሆ ቅጠል አለ። እኔ ዝናብ ያባራበት የጥድ ሥር አፈር ሸተተኝ። ከዚህ በኋላ ሰው ስለ ወይን እንዲያወራ ስፈልግ የሌላ አገር ቃል አልሰጠውም።

በረካው ሁለት ሰዓት ላይ ደረሰ። ምሬቱ ሸሽቶ ጣፋጭ የመሰለ፣ ቀጭንና ረጅም ነገር ቀረ፤ ከዋጡት በኋላም አፍ ላይ ይቆያል። እማማ አንድ ጉንጭ ቀምሰው፣ «ይኼስ አርፏል» አሉ። ከዚያ ወዲያ ለመጠበቅ አልደፈርኩም። ከዚህ በጣም ያረጀ ወይን ከተከፈተ በኋላ ፈጥኖ ሊደክም ይችላል፤ እንዲህ ያለ ቢገጥመኝ አጥልዬ ወዲያው እቀዳለሁ።

ሦስት ሰዓት ላይ ጓደኛችን መጣ፣ ቡናው ተቆላ፣ ዕጣኑም ጨሰ። በማግስቱ ጠዋት ብርጭቆዎቹን ለሆቴሉ ልመልስ ሳነሣ አንዱ ሳይታጠብ አድሯል። አፍንጫዬን አስጠጋሁ። ሌሊቱን ሙሉ ጽጌረዳው እዚያው ነበር።