“አምስት ደቂቃ ብቻ ነው”፦ የአካል ጉዳተኞችን መኪና ማቆሚያ እንዴት እንዳስከበርን

ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ ዘወትር ጉዳይ የማይጠፋኝ አንድ ሕንፃ አለ። ምድር ላይ ባንክ፣ ከዚያ ክሊኒክ፣ ላይ ደግሞ የጠበቆች ቢሮዎች አሉት። ከፊት ለፊቱ የዊልቸር ምልክት የተቀባባቸው ሁለት የመኪና ማቆሚያዎች ነበሩ። ለስሙ ነው እንጂ አንድም ቀን ባዶ ሆነው አይገኙም። አንዴ ላንድክሩዘር ይቆምባቸዋል፣ አንዴ የታሸገ ውሃ የሚያራግፍ መኪና። መብራት በሚጠፋበት ሰሞን ጄኔሬተር ሁሉ ተቀምጦባቸው አይቻለሁ።

እኔ በልጅነቴ ፖሊዮ የያዘኝ ሰው ነኝ። ቪትዝ እነዳለሁ። ነዳጁንም ፍሬኑንም በእጄ ነው የማዘው። መሪ ከያዝኩ ከማንም አላንስም። ችግሩ ስወርድ ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው እዚህ ላይ ስለሆነ ዘርዘር ላድርገው።

መጀመሪያ በሩን እስከ መጨረሻው እከፍታለሁ። ጎማዎቹ የተነቀሉትን ዊልቸር ከጎኔ ካለው ወንበር አንስቼ፣ በደረቴ ላይ አሳልፌ ውጭ አስቀምጠዋለሁ። ጎማዎቹን አንድ በአንድ እገጥማለሁ። የዊልቸሩን ፍሬን እይዛለሁ። ከዚያ አንድ እጄን ዊልቸሩ ላይ፣ ሌላውን መኪናው ወንበር ላይ ተክዬ፣ ሰውነቴን አንስቼ እሻገራለሁ። ይህን ለማድረግ ከመኪናው ጎን ዊልቸሩ በሙሉ የሚቆምበት ባዶ መሬት ያስፈልገኛል። እንግሊዝ አገር ለአካል ጉዳተኛ የሚሰጠው ማቆሚያ 2.4 ሜትር ሆኖ፣ ከጎኑ የ1.2 ሜትር ክፍት ቦታ የሚጨመርለት በዚህ ምክንያት ነው። በድምሩ 3.6 ሜትር ማለት ነው። ያ ሰረዝ ሰረዝ ተደርጎ የሚቀባ ቦታ ትርፍ መሬት አይደለም። አንድ ባጃጅ “ጥግ ይዤ ልቁም” ብሎ እዚያ ከገባ እኔ አልወርድም። ጉዳዬን ጨርሼ ስመለስ ከገባም መኪናዬ ፊቴ ቆሞ እያየሁት ባለባጃጁ እስኪመጣ ፀሐይ ይመታኛል።

ለማስከበር ስነሳ መጀመሪያ ያደረግኩት መታዘብ ነው። ከሕንፃው ማዶ ጀበና ቡና የምታፈላ ልጅ አለች። እሷ ጋ ቁጭ ብዬ ማን እንደሚቆም አየሁ። እሷም የማታውቀው መኪና የለም። አብዛኛው ሰው የሚናደደው “አምስት ደቂቃ ብቻ ነው” ብሎ ጥሎ በሚሄደው ባለጉዳይ ላይ ነው። እሱ ግን ቢዘገይም ይሄዳል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ገብተው እስከ ማታ የማይነቃነቁት መኪኖች የሕንፃው የራሱ ሠራተኞች ነበሩ። ጥላ ስላለውና ለበሩ ስለሚቀርብ መርጠውት ነው። ይህን ሳውቅ ከመንገደኛ ጋር መጨቃጨቁን ተውኩት። ሄዶ ማነጋገር ያለብኝን ሰው አወቅኩ።

ጓደኞቼ “ፎቶ አንስተህ ፌስቡክ ላይ ልቀቀው፣ ያኔ ያፍራሉ” አሉኝ። አላደረግኩትም። እንዲህ ያለ ነገር ሲወጣ የሚባረረው ባለመኪናው አይደለም። በር ላይ የቆመው ጥበቃ ነው። እሱ ደግሞ አለቃውን “ተነሳ” የማለት አቅም የለውም። ደግሞም ከመኪና ፎቶ ላይ ነጂው አካል ጉዳተኛ ይሁን አይሁን አይታወቅም።

ስለዚህ ማመልከቻ ጻፍኩ። ለሕንፃው አስተዳደር፣ በሁለት ኮፒ። አንዱን ሰጥቼ ሌላው ላይ “ገቢ ሆኗል” አስብዬ፣ ቁጥርና ማህተም አስደርጌ ያዝኩት። በቃል የተነገረ ነገር ሥራ አስኪያጅ ሲቀየር አብሮ ይሄዳል። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 አንቀጽ 36 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ዊልቸር ለሚጠቀም ሰው የሚመች መግቢያ እንዲኖረው እንደሚያዝ ጠቀስኩ። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በ2002 ዓ.ም. እንዳጸደቀች፣ አንቀጽ 9ኙ ስለ ተደራሽነት እንደሚናገር፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረትም የጸደቀ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል እንደሆነ አከልኩበት። የማንንም ስምና የሰሌዳ ቁጥር አልጻፍኩም። የጠየቅኩት ሦስት ነገር ነው። የሠራተኞች መኪና ወደ ጓሮ ይዙር፣ ቦታው ይስፋ፣ የቆመ ታፔላ ይተከል።

ሥራ አስኪያጇ ጨዋ ሴት ናቸው። “ጋሼ፣ ቦታው እኮ ተቀብቷል፣ ከዚህ በላይ ምን እናድርግ?” አሉኝ። የሕግ አንቀጾቹ ሜትር አይጠሩም፤ ስለዚህ ክርክር አላበዛሁም። “እባክዎ አንድ ጊዜ ወደ ታች ይውረዱልኝ” አልኳቸው። ሜትር ይዤ ነበር። የተቀባው ቦታ ስፋቱ ከሌላው ማቆሚያ ጋር አንድ ነው። ከዚያ ከመኪናዬ ስወርድ ቆመው አዩ። ዊልቸሬ የጎረቤቱ መኪና በር ላይ ተጋጭቶ ሲቀር “በቃ፣ ገባኝ” አሉ። በአዋጅ ቁጥር ያልገፋሁትን ነገር ያቺ ሜትር ገፋችልኝ። ለሌላ ሰው የምመክረውም ይህን ነው፦ ወረቀቱ በር ያስከፍታል፣ የሚያሳምነው ግን ኃላፊውን ቦታው ድረስ አምጥቶ ማሳየት ነው።

እዚያው ደጅ የሚውሉት ሰዎች ግን ለጉዳዩ ከሁሉም ይበልጥ ወሳኝ ሆነው አገኘኋቸው። አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሰው የፓርኪንግ ሒሳብ የሚሰበስቡትን ልጆች ማለቴ ነው። የእነሱ እንጀራ መኪና በቆመ ቁጥር ነው። “ይህችን ቦታ ባዶ ጠብቁልኝ” ማለት ከኪሳችሁ አውጡልኝ ማለት ነው። ጥሩ ልቦና አላቸው ብዬ ብቻ ይህን መጠየቅ አልፈለግኩም። ስለዚህ ሒሳቡን አብረን አሰብነው። የሕንፃው ሠራተኞች ቀኑን ሙሉ ቆመው አንድ ሳንቲም አይከፍሉም ነበር። እነሱ ወደ ጓሮ ከዞሩ ከፊት ለፊት ሌሎች ማቆሚያዎችም ይለቀቃሉ፣ እዚያ የሚቆመው ባለጉዳይ ይከፍላል። አስተባባሪያቸው ይህን ሲሰማ “ጋሼ፣ እንዲህ ከሆነማ ለእኛም ትርፍ ነው፣ ጣጣ የለውም” አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ቦታውን የሚጠብቁት እነሱ ናቸው። ላንድክሩዘር መጥቶ ሲያንቧርቅ ደግሞ ይሉኝታ እንዳይዛቸው የአስተዳደሩ ደብዳቤ ኮፒ በኪሳቸው አለ።

ስለ ቀለሙ ብዙ አልልም። የግድግዳ ቀለም ክረምት አይሻገርም፣ የመንገድ ቀለም አስገዙ። ሁለቱ ማቆሚያዎች በመካከላቸው አንድ የ1.2 ሜትር ክፍት ቦታ እንዲጋሩ ተደረገ፤ በዚህ ከአንድ ተራ ማቆሚያ ግማሽ ያህሉን ነው የበላነው። ታፔላው በብረት ዘንግ ላይ ይሁን። መሬት ላይ ያለ ምልክት አቧራና ጭቃ ይሸፍነዋል።

ሰንሰለት ግን አደራችሁን! ጥበቃው በቅንነት ሰንሰለት በቁልፍ ዘርግቶ ጠበቀኝ። ሰንሰለቱን ለመክፈት ከመኪና መውረድ አለብኝ፣ ለመውረድ ደግሞ ቦታው መከፈት አለበት። ሰው ሲጠፋ መንገድ ዘግቼ ጡሩምባ እያሰማሁ ቆሜያለሁ። የፕላስቲክ ኮንም ያው ነው። አጠገቡ የሚያነሳው ሰው ከሌለ ኮኑ የሚከለክለው እኔን ነው።

አንድ ነገር አሳዘነኝ፣ እሱን ሳልናገር አላልፍም። ልጆቹ ጥበቃውን ሲያጠብቁ አንዲት ወጣት መልሰዋታል። ሱሪ ለብሳ ቀጥ ብላ ትሄዳለች፣ “ምንም አልሆንሽም” ብለዋት። አንድ እግሯ ሰው ሠራሽ ነው። ሰው መሃል ሱሪዋን ከፍ አድርጋ አሳየቻቸው። ይህ መሆን አልነበረበትም። የልብ ሕመምተኛም፣ ሩቅ መራመድ የማይችል ሰውም ሲታይ ደህና ይመስላል። ተቀምጠን ተነጋገርን። አሁን የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ “ይህ ቦታ ያስፈልግዎታል?” አዎ ካለ ይገባል። ዋሽቶ የሚገባ አይጠፋም። ግን በመቶ ሰው ፊት አካሏን አሳይታ ቦታ የምታገኝ ሴት ከምትኖር፣ አንድ ውሸታም ቢያልፍ ይሻለኛል።

የሚያስቸግረው ሌላው በዘመድ ስም የሚመጣ ነው። “የአባቴ መኪና ነው፣ እሱ ዊልቸር ላይ ነው ያለው” ይላል። አባትየው ግን ቤት ናቸው። እንግሊዝ አገር ብሉ ባጅ የሚባል ሰማያዊ ካርድ አለ። የሚሰጠው ለሰውየው እንጂ ለመኪናው አይደለም። ባለቤቱ በሌለበት ለራስ ጉዳይ የተጠቀመበት ሰው እስከ 1,000 ፓውንድ ሊቀጣ ይችላል። እንዲያም ሆኖ የእናቱን ካርድ ይዞ ገበያ የሚሄድ እዚያም አለ። ቅጣቱን መበደር ባንችልም ደንቡን ተበደርን፦ ቦታው የሰውየው ነው፣ የመኪናው አይደለም። ሊወስዳቸው የመጣ ከሆነ ይቆማል፤ አባትየው ከሌሉ ሌላ ቦታ ይፈልጋል።

ያልተፈታው የማታው ነው። ልጆቹ አመሻሽ ላይ ሥራ ይጨርሳሉ፣ ክሊኒኩ ግን ማታም ይሠራል። ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ ቦታው እንደ ድሮው ይያዛል፤ ማታ ታሞ የሚመጣ አካል ጉዳተኛ ደግሞ ከቀኑ ይልቅ ይቸገራል። ስለዚህ ኃላፊነቱ በማታው ጥበቃ የሥራ ዝርዝር ውስጥ በጽሑፍ እንዲገባ፣ ክሊኒኩም ለዚያ ተጨማሪ ሥራ የድርሻውን እንዲከፍለው ጠይቄያለሁ። ሥራ አስኪያጇ ተስማምተዋል። ከክሊኒኩ ጋር ገና እየተነጋገርን ነው።