ጨረቃ ከሙቀጫው ላይ ስትወጣ፦ ሚጽፔ ራሞንን በካሜራ

«መኽቴሽ» በዕብራይስጥ ሙቀጫ ነው። በእስራኤል ኔጌቭ በረሃ ካለችው ከሚጽፔ ራሞን ከተማ ጠርዝ ቁልቁል ላየ ስሙ ማብራሪያ አያስፈልገውም፦ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም፣ 500 ሜትር ያህል የሚጠልቅ፣ እሳተ ገሞራ ሳይሆን ውሃ ሸርሽሮ የቦረቦረው ጎድጓዳ።

ከተማዋ በሰሜኑ ጠርዝ ላይ ናት። ስለዚህ ወሩ ወሳኝ ነው። በሰኔና በሐምሌ ሙሉ ጨረቃ ከደቡብ ምሥራቅ፣ በኮምፓስ ከ115 ዲግሪ አካባቢ ወይም ከዚያ ትንሽ አልፋ፣ በኤዶም ተራሮች በኩል ብቅ ትላለች፤ ሙቀጫው ከሥሯ ይዘረጋል። በታኅሣሥ ግን ወደ ሰሜን ምሥራቅ ታፈነግጣለች፤ ፊት ለፊት ያለው ገደል ባዶ ይቀራል።

ቀን ለመምረጥ የዕብራይስጡ አቆጣጠር ይበቃል፤ ወሩ የጨረቃ ነውና። የሲቫን ወይም የታሙዝ 14ኛና 15ኛ ምሽት ይያዝ (ቀኑ የሚገባው ማታ መሆኑ አይረሳ)። በስግድ (በቤተ እስራኤል በዓል) ዕለት ማንም ጨረቃ አይጠብቅ፤ 29ኛው ሄሽቫን ወሩ የሚያልቅበት ነው። ከሁለቱ ምሽቶች የመጀመሪያው ይሻላል፦ ጨረቃዋ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወይም ገና እንደጠለቀች ስለምትወጣ ገደሉም ብርሃን አለው። በማግስቱ ከ50 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ትዘገያለች፤ ያኔ መሬቱ ጠቁሮ ጨረቃዋ ነጭ ሳንቲም ትሆናለች። ስልክ ላይ ከሚታየው የመውጫ ሰዓት ጥቂት ደቂቃ ይጨመር፤ ተራሮቹ አድማሱን ከፍ ያደርጉታል።

ጨረቃዋን ግዙፍ የሚያስመስላት ርቀት ነው። የአንድ ነገር ቁመት በ110 ሲባዛ ከጨረቃዋ ጋር እኩል የሚታይበት ርቀት ይገኛል፦ 1.70 ሜትር ሰው ከ187 ሜትር፣ በጠርዙ ላይ ካሉት የድንጋይ ቅርጾች 3 ሜትር የሚሆነው ከ330 ሜትር። በ400 ሚሊሜትር ሌንስ ምስሏ ሴንሰሩ ላይ 3.6 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ በስልክ ካሜራ ነጥብ የምትሆነውም ለዚህ ነው። በሁለት ደቂቃ የራሷን ስፋት ያህል ትጓዛለች፤ ያውም ቀጥ ብላ ሳይሆን ወደ ቀኝ እያዘነበለች። ስለዚህ ከታለመው ነገር በስተግራ እንድትወጣ አስቀድሞ መቆም ነው።

የካሜራው መነሻ፦ አይኤስኦ (ለብርሃን ያለው ትብነት) 400፣ ኤፍ (የሌንሱ ቀዳዳ) 8፣ የመዝጊያው ፍጥነት 1/60 ሰከንድ። አድማሱ ላይ አቧራው ብርሃኗን ይውጠዋል፤ ከፍ ስትል ወደ 1/250 ከዚያም ወደ 1/500 ማሳጠር። ከ1/8 ሰከንድ በላይ ማርዘም ጠርዟን ያደበዝዛል። በራው (ካሜራው ባላቀነባበረው) ፋይል፣ ነጭ ሚዛኑ (የቀለም ማስተካከያው) 5200 ኬልቪን ላይ ታስሮ፤ አውቶ ከተተወ ብርቱካናማ ቀለሟን ያጥበዋል። ፎከሱ በእጅ፣ ምስሉን አጉልቶ፣ በሩቁ ተራራ ጠርዝ ላይ። ቀን የጋለው ድንጋይ ሙቀቱን ሲመልስ አየሩ ይንቀጠቀጣል፤ በተከታታይ 15 ወይም 20 ፎቶ አንስቶ ጥርት ያለውን መምረጥ እንጂ ሌላ መድኃኒት የለውም። ነፋሱ ብርቱ ነው፦ የትራይፖዱ መካከለኛ ዘንግ አይነሳ፣ ቦርሳ ከሥሩ ይንጠልጠል።

ጠዋት ለያዔሎቹ ነው። የዋልያችን የቅርብ ዘመዶች ናቸው፤ ከተማው ውስጥ ሣር ሲግጡ ይገኛሉ። ምግብ አይሰጣቸው፤ ጠርዝ ላይ ከቆሙም አይባረሩ። ከሰዓት በኋላ ሙቀጫው ውስጥ ወዳለው ሃሚንሳራ መውረድ ይቻላል፤ እንደ ተጠረበ እንጨት የተቆለሉትን የድንጋይ ዘንጎች የሚያጎላቸው ከጎን የሚመጣ ብርሃን ነው።

ጠርዙ በብዙ ቦታ አጥር የለውም፤ ቦታው በቀን ይመረጥ፣ የግንባር መብራት ይያዝ። ከ800 ሜትር በላይ ስለሆነ በሐምሌም ማታ ጃኬት ያስፈልጋል። ከምልክት መንገዱ ለመውጣት ያሰበ የሠራዊት የተኩስ ቀጠናዎችን በካርታ ላይ አስቀድሞ ይይ።