እማማ ያልነበሩበት ጉዞ

እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ካፒቴኑ ሰው ፊት የተናገረኝ ነገር አይደለም። እሱ አልፏል። የሚቆጨኝ የዚያው ቀን ከሰዓት በኋላው ነው።

አላስካ፣ ጁኖ ነው። ከሲያትል እየሄድኩ ሰመሩን በዓሣ ነባሪ ማሳያ ጀልባ ላይ ስሠራ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ትልልቆቹ የክሩዝ፣ ማለትም የቱሪስት መርከቦች ከተማው ወደብ ላይ ይቆማሉ። እንግዶቹ በአውቶቡስ ኦክ ቤይ ድረስ ይመጡልናል። በሦስት ሰዓት ውስጥ አሳይተን እንመልሳቸዋለን፤ መርከቡ ማንንም አይጠብቅም። "ካላያችሁ ገንዘባችሁ ይመለሳል" ብለን ስለምንሸጥ ካፒቴን ላይ ያለው ጫና ቀላል አይደለም። ይሄን አውቃለሁ።

የዚያን ቀን ጠዋት አንዲት ነጠላ የለበሱ እናት ከሴት ልጃቸው ጋር ገቡ። በዚያ ወደብ ነጠላ አይቼ አላውቅም፣ ደስ አለኝ። ትኩስ ቸኮሌት ላምጣልዎት ስላቸው "ወተት አለበት?" አሉኝ። ፍልሰታ ነበር። ሻይ አመጣሁላቸው፣ በሁለት እጃቸው አቅፈው ያዙት።

ብዙም ሳንርቅ አንዲት ሃምፕባክ የምትባል ዓሣ ነባሪ ከነልጇ አገኘን። እናቲቱ ሦስት አራት ጊዜ ትተነፍሳለች። ከዚያ ጀርባዋን ታጎብጣለች፣ ጭራዋ ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ትጠልቃለች። ትንሹ ግን ትንፋሹ አጭር ነው። ላይ ሆኖ ይጠብቃታል። ካፒቴኑ ወደዚያው ወደ ትንሹ ነዳ። ሕጉ ከ2001 ጀምሮ ግልጽ ነው፤ አላስካ ውስጥ ወደ ሃምፕባክ ከ100 ያርድ በታች፣ ማለትም ከ91 ሜትር በታች መጠጋት አይቻልም። የርቀት መለኪያውን አነሳሁ።

"ስልሳ!" አልኩት። "ስልሳ ደርሰናል፣ እናቱ ልትወጣ ነው።"

ትልቅ ካሜራ የያዘ አንድ እንግዳ "ትንሽ ጠጋ በልልን" እያለ ነበር። ካፒቴኑ ዞር እንኳ ሳይል፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "የአንተ ሥራ ገመድ ማሰር ነው" አለኝ።

ጆሮዬ ጋለ። ወደ ውስጥ ገባሁ።

"ምን ሆንክ ልጄ?" አሉኝ እማማ። እንግሊዝኛው ባይገባቸውም ፊቴን አይተውታል።

"ምንም አይደል እማማ። ራቅ እንበል ብዬ ነው።"

"ምነው፣ ትተናኮላለች?"

"ኧረ እሷስ አትነካንም። ልጅ ይዛለች። የወለደችው ሃዋይ ነው፣ ሞቃቱ ባሕር ላይ። እዚያ የምትበላው የለም። ወልዳ፣ እያጠባች፣ ወደ 4,800 ኪሎ ሜትር ዋኝታ ነው እዚህ የደረሰችው። እህል የምትቀምሰው እዚህ ነው።"

"ጾማ?"

"እንደዚያ በሉት። ለወራት።"

"አራስ ሆና?"

"አዎ፣ አራስ ሆና።"

ሻዩን አስቀመጡት። "አራስ ይጾማል እንዴ ልጄ? አራስማ ገንፎ ነው የሚገባት!" በመስኮቱ ወደ ውኃው አዩ። "እና አሁን ልትበላ ስትቀርብ ነው አፏ ላይ የቆምነው? ሰው ሲበላ ይከለላል እንጂ ይታያል? በል ሂድ ንገረው። ትብላ በለው።"

ለሁለት ዓመት ሕግ፣ ያርድ፣ ቅጣት ስል ነው የከረምኩት። አንድም ቀን "ትብላ" ብዬ አላውቅም። ካፒቴኑ ጋ ተመልሼ እማማ ያሉትን እንዳለ ነገርኩት። አራስ ነበረች፣ ሳትበላ አጥብታ ነው የመጣችው፣ ትብላ ተዋት ይላሉ አልኩት። ዞር አለ። እማማ ነጠላቸውን እስከ ግንባራቸው ስበው በሩ ላይ ቆመዋል። አያቸው። አንድም ቃል አልተናገረም። ቀስ ብሎ አራቀንና ማርሹን ኒውትራል አደረገው።

ጀልባዋ ዝም አለች። ሄሪንግ የሚባሉት ትንንሽ ዓሦች ውኃው ላይ እንደ ብር ሳንቲም ብልጭ ይሉ ነበር። እናቲቱ ራቅ ብላ ወጣች፣ ጠለቀች፣ እንደገና ወጣች። ሩብ ሰዓት ቢሆነን ነው፣ ራሷ መጣች። ማንም አልጠራት፣ ማንም አልተከተላት። ከነልጇ አጠገባችን ብቅ ብላ ተነፈሰች፤ ጉሙ ፊታችንን አረጠበው፣ የዓሣ ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል። እማማ አፍንጫቸውን በነጠላቸው ያዙና "ተመስገን፣ በልታለች!" አሉ። ካሜራ የያዘው ሰውዬ እንኳ ማንሳቱን ረስቶ አፉን ከፍቶ ቆሞ ነበር።

ሲወርዱ ግንባሬን ሳሙኝ።

ከሰዓት በኋላ ሌላ አውቶቡስ መጣ። ያችኑ እናት አገኘናት። ጭራቸው ሥር ያለው ጥቁርና ነጭ መልክ እንደ ጣት አሻራ ነው፣ ወዲያው ለየኋት። ጠለቀች። ካፒቴኑ እንደገና ወደ ትንሹ ነዳ። መለኪያውን አነሳሁ። ሃምሳ አምስት ይላል።

አፌን ከፈትኩ። ከኋላዬ ያለው በር ላይ ማንም አልቆመም። እማማ በዚያ ሰዓት መርከባቸው ላይ ናቸው። መለኪያውን ኪሴ ከተትኩና ጎንበስ ብዬ ገመዱን መጠቅለል ጀመርኩ። ትንሹ ብቻውን ላይ ሆኖ ሲተነፍስ ይሰማኝ ነበር።