ገዢ የሚጠይቀውን የሚያውቁት ስፌት ሰፊዎቹ ናቸው

ዛሬ ሐረር፣ በግንብ በተከበበው ጀጎል ውስጥ፣ የሣር ስፌት በሚሰፉ አንዲት እናት ቤት ዋልኩ። የእሳቸውንና የጎረቤቶቻቸውን ሥራ የምንሸጥበትን ድረ ገጽ ጽሑፍ እንደ አዲስ እየሠራን ነው።

«ልጄ፣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ 'የሚሰቀል ነው ወይስ የሚበላበት?' ብሎ ነው» አሉኝ። ስለ ኦንላይን ሽያጭ እንዲህ ያለ ጥሩ ምክር ሰምቼ አላውቅም! ገዢ ጎግል ላይ የሚጽፈውም ይህንኑ አይደል? ስለዚህ ለእያንዳንዱ ስፌት የራሱን ገጽ ሰጠነው። ርዕሱ ላይ ምን እንደሆነና የት እንደተሰፋ፣ ከሥሩ ስፋቱ በሴንቲሜትር፣ ዋጋው፣ እንዴት እንደሚላክ። የፎቶዎቹንም ክብደት ቀነስን፤ በሞባይል ዳታ ቶሎ የማይከፈት ገጽ ላይ ማንም አይቆይም።

ሱቅን ጎግል ካርታ ላይ ማስመዝገብ ነጻ ነው። ሰርች ኮንሶል የሚባለው የጎግል መሣሪያም ነጻ ነው፤ ሰው ምን ብሎ ፈልጎ እንዳገኛችሁ ያሳያል።

የሚያሳዝነኝ ለእነዚህ እናቶች «ላይክ ግዙ» የሚሏቸው ሰዎች ነገር ነው። የተገዛ ተከታይ ስፌት አይገዛም፤ የለፉበትን ብር ግን ይበላል። ፌስቡክና ቴሌግራም ሰው ያመጣሉ፣ እኔም እጠቀምባቸዋለሁ። ፖስት ግን በቀናት ውስጥ ይረሳል፤ በደንብ የተጻፈ ገጽ ከዓመት በኋላም ይገኛል።

ጀጎል እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ ተመዝግቧል፤ ስለ ግንቡ የሚፈልግ ሁሉ ስፌቱንም ሊያገኝ ይችላል። ስለዚህ ቀጥሎ በሐረሪ ቤት ግድግዳ ላይ ስፌት እንዴት እንደሚደረደር እንጽፋለን። ፎቶ የምታነሱ የሐረርና የድሬ ልጆች፣ ቅዳሜ ከተመቻችሁ ኢንቦክስ አድርጉልኝ። ያልተነሱ ስፌቶች ገና ብዙ ናቸው።