ቀን የሚያብጥ፣ ሌሊት የሚከሳ ጎማ

የጎማ ንፋስ መለኪያ የገዛሁ ዕለት ከመኪናዬ ጋር የነበረኝ ሰላም አበቃ። ከዚያ በፊት ጎማዎቹን የምመረምረው በጫማዬ ጫፍ መታ መታ በማድረግ ነበር፤ ድምፁ ምን ማለት እንደሆነ ባላውቅም ራሴን በመስማማት ነቅንቄ መንገዴን እቀጥል ነበር። መለኪያው ግን ቁጥር ያወጣል፤ እንደ እኔ ላለ ተጠራጣሪ ሰው ቁጥር ከታየ በኋላ እንቅልፍ የለም።

የሾፌሩ በር ሲከፈት ቋሚው ላይ በሚታየው ተለጣፊ ላይ 32 ፒኤስአይ የሚል የንፋስ ግፊት ልክ ተጽፏል። የጎማው ጎን ላይ ደግሞ 51 የሚል ቁጥር አለ፤ እርሱ ጎማው የሚችለው የመጨረሻው ግፊት እንጂ የሚሞላበት ልክ እንዳልሆነ ስለማውቅ፣ በዚህ ዕውቀቴ ለጥቂት ሰዓታት ኮርቼ ነበር።

ማታ ከሥራ እንደገባሁ ስለካቸው አራቱም 36 ሆነው አገኘኋቸው። «ከልክ አልፏል» ብዬ የቫልቩን እምብርት ተጭኜ እያስተነፈስኩ አንድ በአንድ ወደ 32 አወረድኳቸው። በማግስቱ ማለዳ ስለካ 28! በሲጋራ መለኮሻው ላይ የሚሰካውን ትንሽ ኮምፕሬሰር አውጥቼ፣ ጎረቤት በጩኸቱ እየነቃ፣ ሁሉንም 32 አደረስኩ። ማታ 36፤ አስተነፈስኩ። ጠዋት 28፤ ሞላሁ። ይህን ሥርዓት ለ11 ቀናት ያህል እንደ ጸሎት ሳላጓድል ፈጸምኩ።

ጥርጣሬዬ በመኪናዬ ዙሪያ ኳስ በሚጫወተው የጎረቤት ልጅ ላይ ወደቀ። ሌሊት ሌሊት ንፋሱን የሚያስወጣው እርሱ ነው ብዬ ደመደምኩ፤ ቀን ቀን ማን መልሶ እንደሚሞላው ግን ራሴን አልጠየቅሁም። አንድ ምሽት ባትሪ በአፌ ነክሼ፣ የሳሙና ውኃ በቫልቮቹ ላይ እየቀባሁ አረፋ ስፈልግ፣ ተጠርጣሪው ራሱ ከኋላዬ መጥቶ ቆመና፣ «ጋሼ፣ ጎማ የሚታጠበው በሌሊት ነው እንዴ?» አለኝ። ባትሪው አፌ ውስጥ ስለነበር መልስ አልሰጠሁትም።

በመጨረሻ ጎሚስታ ዘንድ ሄድኩ። ሽማግሌው አንዱን ጎማ ፈትተው ውኃ ገንዳ ውስጥ ነከሩትና ቀስ እያሉ አዞሩት፤ አንዲት አረፋ እንኳ አልወጣችም።

«ልጄ፣ የምትለካው መቼ መቼ ነው?»

«ጠዋትና ማታ፣ ሳላቋርጥ።»

«ማታ ስትለካ መኪናዋ ከመንገድ እንደገባች ነው?»

«ወዲያውኑ! እኔ ነገር አላሳድርም።»

ሽማግሌው እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ረዘም ላለ ጊዜ ሳቁ። ጎማ ሲሽከረከር እየተጣጠፈና እየተዘረጋ ይሞቃል፤ ውስጡ የታፈነው ንፋስ ሲሞቅ ደግሞ መውጫ ስለሌለው ግፊቱ ይጨምራል። ተለጣፊው ላይ ያለው 32 ግን የተጻፈው ለቀዘቀዘ ጎማ፣ ማለትም መኪናው ቢያንስ ሦስት ሰዓት ያህል ከቆመ በኋላ ለሚለካ ነው። ስለዚህ ማታ ማታ ያየሁት 36 ጤነኛ ነበር፤ ንፋሱን የሚሰርቀው ሌባም እኔው ነበርኩ። (ፀሐይ የሚመታው ጎን ከጥላው ጎን ከፍ ብሎ የሚታይበትን ቀን ሁሉ፣ ልጁ በአንድ በኩል ብቻ መሥራት ጀመረ ብዬ መዝግቤ ነበር።)

አፍሬ ልሄድ ስል፣ «አምስተኛውስ?» አሉኝ።

«አምስተኛው ምን?»

የኋላውን ኮፈን ከፍተው ምንጣፉን ገለጡና ስኮርታውን አሳዩኝ። በ11 ቀናት ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ ትዝ ብሎኝ አያውቅም። መለኪያዬን በኩራት አውጥቼ ቫልቩ ላይ ደገንኩት፤ ቁጥሩ ከዜሮ አልነቃነቅ አለ።

«ይኸው፣ መለኪያው ተበላሸ» አልኳቸው።

ሽማግሌው ስኮርታውን በአውራ ጣታቸው ጫን ሲያደርጉት እንደ ባዶ ስልቻ ገባ አለ።

«መለኪያውስ ደህና ነው» አሉኝ።