ባትሪው ለምን ያልቃል?

የዕለቱ ርዕስ ኤሌክትሮማግኔት ነበር። ተማሪዎቹ ሚስማር ላይ ሽቦ ጠቅልለው ከባትሪ ጋር ያገናኛሉ፤ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ሚስማሩ ማግኔት ይሆናል። እንደ ወትሮው የግማሾቹ እምቢ አለ። የመዳቡ ሽቦ ባዶ ይመስላል እንጂ ቫርኒሽ ተቀብቷል። ጫፉ በብርጭቆ ወረቀት ካልተፋቀ ኤሌክትሪክ አያልፍበትም። «ፋቁት!» እያልኩ ስዞር አንዲት ልጅ ጋ ደረስኩ። ሚስማሯ አምስት አግራፍ አንጠልጥሏል። ሽቦውን የያዙ ጣቶቿን ደጋግማ ትቀያይራለች።

«ቲቸር፣ ሥራ ማለት ኃይል ሲባዛ በርቀት ነው ብለውናል። አግራፎቹ ንቅንቅ አላሉም። ታዲያ ባትሪው ለምን ያልቃል?»

«ለመያዝም ኃይል ያስፈልጋላ!» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ አንገቷን ደፋች። ዝምታዋ የመስማማት አልነበረም።

ክፍለ ጊዜውን ሊገመግም ከኋላ የተቀመጠው ባልደረባዬ ሲወጣ፣ «ከዕቅድ ውጪ የሆነችዋን ጥያቄ በደንብ አለፍካት» አለኝ። እስካሁን የሚከነክነኝ ይሄ ምስጋና ነው። የቀኑ ምርጥ ጥያቄ እሱ ነበር።

ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ቋሚ ማግኔት ያለ ምንም ባትሪ ብረት ላይ ተጣብቆ ዓመታት ይቆያል። ለመያዝ ኢነርጂ የሚፈጅ ቢሆን ኖሮ ከየት ያመጣ ነበር? እኛ «ኃይል» ስንል አንዴ የሚስበውን ጉልበት፣ አንዴ ከባትሪው የሚወጣውን ኢነርጂ ማለታችን ነው። እሷ ስለ አንዱ ጠየቀችኝ፤ እኔ ስለ ሌላው መለስኩ።

መልሱ ደግሞ እዚያው ጣቷ ላይ ነበር። ሽቦው እያቃጠላት ነበር የምትቀያይረው! 1.5 ቮልት ባትሪ 2 አምፔር ቢያሳልፍ በየሴኮንዱ 3 ጁል ኢነርጂ ይወጣል። መግነጢሳዊ መስኩ አንዴ ከተፈጠረ በኋላ ያ ሁሉ ሽቦውንና ባትሪውን ራሱን ማሞቂያ ነው የሚሆነው።

በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ፣ መጀመሪያ የተናገርኩት «ባለፈው የመለስኩት ስህተት ነው» የሚለውን ነው። ሽቦውን ሁሉም በየተራ ነኩት።

እሷ እጇን አወጣች። «ሽቦው ጭራሽ ባይሞቅስ?»

ሐኪሞች የሰውነትን ውስጥ በትልቅ ማግኔት ስለሚያዩበት የኤምአርአይ ማሽን ነገርኳቸው። የብዙዎቹ ጥቅል ሽቦ በፈሳሽ ሂሊየም ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል። ያኔ ሽቦው የኤሌክትሪኩን ፍሰት ምንም አያግድም፤ ስለዚህ አይሞቅም። አንዴ የገባው ኤሌክትሪክ፣ ምንጩ ከተነቀለ በኋላም ለዓመታት ይዞራል።

ደወሉ ሲደወል ማንም አልተነሳም።