ፒራሚዱን ሰው ነው የሰራው

ሰሞኑን ከአክስቴ ልጅ ጋር ስለ ግብጽ ፒራሚድ የጀመርነው ክርክር አልበርድ ብሎናል፣ ዛሬም ቡና እየጠጣን ቀጠልንበት፣ እና ከጭንቅላቴ አልወጣ ስላለ ልጻፈው ብዬ ነው። ቲክቶክ ላይ ያያት ቪዲዮ አለች፣ ይሄን ድንጋይ ሰው ሊያነሳው አይችልም ከሌላ ፕላኔት የመጡ ፍጡራን ናቸው የሰሩት የምትል፣ ከጀርባዋ የሚያስፈራ ሙዚቃ ምናምን ያላት። ልጁ ኢንጂነሪንግ ነው የተማረው፣ ዝም ብሎ የሰማውን የሚያምን አይነት አይደለም፣ ግን "እስቲ አንተ ራስህ አስበው፣ በዛ ዘመን ክሬን የለ፣ የብረት መሳሪያ የለ፣ እንዴት አድርገው?" ይለኛል። ጥያቄው እኮ ጥሩ ነው። እኔን የሚያናድደኝ ሰው ለመልሱ የሚቸኩለው ነገር ነው።

ሳይንስ ፊክሽን ነፍሴ ነው፣ ይሄ ይታወቅልኝ። በኮከብ መሃል የሚጓዝ መርከብ፣ ወደ ኋላ ዘመን የሚመለስ ሰው፣ ፈርዖን ሆኖ የሚገዛ የሌላ ዓለም ፍጡር፣ እነዚህን እያየሁ ነው ያደኩት፣ አሁንም አልጠግባቸውም። ፊልም "እንዲህ ቢሆንስ?" ብሎ ይጀምራል፣ አንተም አውቀህ ነው የምትገባበት። ግን ኤሪክ ፎን ዴኒከን የሚባል የስዊዝ ሰው እ.ኤ.አ በ1968 ባሳተመው መጽሐፍ "ከሌላ ፕላኔት መጥተው ቢሆንስ" የሚለውን እንደ ታሪክ አድርጎ አቀረበው፣ መጽሐፉም በሚሊዮን ተሸጠ፣ ከዛ በኋላ ነገሩ ወደ ቴሌቪዥን ሄደ፣ አሁን ደግሞ አንድ ደቂቃ በማትሞላ ቪዲዮ ስልካችን ውስጥ ገብቷል።

ለአክስቴ ልጅ መጀመሪያ የነገርኩት ስለ ሜረር ነው። እ.ኤ.አ በ2013 ፒየር ታሌ የሚባል ፈረንሳዊ የመራው ቡድን ቀይ ባህር ዳር ዋዲ አል-ጃርፍ የሚባል ቦታ ላይ ፓፒረስ (ከደንገል የተሰራ የጥንት ወረቀት) አገኘ፣ ጽሁፍ ያለባቸው ፓፒረሶች ውስጥ እስካሁን ከተገኙት ሁሉ የቆዩት እነዚህ ናቸው፣ ወደ 4,600 ዓመት ገደማ ማለት ነው። አንዱ የሜረር የስራ መዝገብ ነው። ሜረር አርባ የሚሆኑ ሰዎች የያዘ የጀልባ ቡድን አለቃ ነበር፣ ትልቁን የጊዛ ፒራሚድ ባሰራው ንጉስ በኩፉ ዘመነ መንግስት መጨረሻ አካባቢ፣ ማለትም ፒራሚዱ እየተሰራ እያለ። መዝገቡን ስታየው ልክ የጭነት መኪና ሾፌር የሚይዘው አይነት ነው። ዛሬ ቱራ፣ ድንጋዩ የሚወጣበት ቦታ፣ ድንጋይ ሲጎትቱ ዋሉ፣ እዛው አደሩ። በማግስቱ ጭነው ተነሱ፣ መንገድ ላይ አደሩ። በማግስቱ ፒራሚዱ ጋ ደረሱ። ከዛ ባዶ ጀልባ ይዘው እንደገና ወደ ቱራ። በአስር ቀን ሁለት ሶስት ጊዜ ይመላለሳሉ። የሚያመላልሱት ፒራሚዱ በውጪ የለበሰውን ነጩን የኖራ ድንጋይ ነው። የንጉሱ ወንድም አንኽሃፍ የስራው ኃላፊ ሆኖ ስሙ እዛው ላይ አለ። እኔ ይሄን መጀመሪያ ያነበብኩ ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ ምክንያቱም የት አደርን የት ዋልን ብሎ የጻፈ ሰው ነው፣ ስራው ላይ የነበረ ሰው።

"እሺ በጀልባ አመጡት፣ ከጀልባ ሲወርድስ?" አለኝ፣ ኢንጂነር አይደል። አጓጓዙን ራሳቸው ግብጾቹ ስለውታል አልኩት። ከኩፉ ብዙ መቶ ዓመት በኋላ በኖረ ጀሁቲሆቴፕ በሚባል ሹም መቃብር ግድግዳ ላይ፣ ትልቅ ሃውልት በእንጨት ተንሸራታች ላይ ተጭኖ በብዙ ሰው በገመድ ሲጎተት ይታያል፣ ከፊት ደግሞ አንድ ሰው አሸዋው ላይ ውሃ እያፈሰሰ ነው። እ.ኤ.አ በ2014 የአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ሰዎች ሞክረው ሲያዩት አሸዋው በልኩ ከረጠበ ለመጎተት የሚያስፈልገው ጉልበት ወደ ግማሽ ይወርዳል፣ ደረቅ ከሆነ አሸዋው ከፊት እየተቆለለ ያስቸግራል፣ ውሃው ከበዛም አይሆንም። እዚህ ጋ ትንሽ ዝም አለ።

ለኔ ግን ከሁሉም በላይ ማስረጃ የሚሆነኝ ስህተታቸው ነው። የኩፉ አባት ስኔፍሩ ዳህሹር ላይ ያሰራው ፒራሚድ አለ፣ ከታች 54 ዲግሪ ገደማ ሆኖ ይጀምርና መሃል ላይ ሲደርስ ወደ 43 ዲግሪ ይታጠፋል፣ ከሩቅ ስታየው የጎበጠ ነው። መሬቱ አልያዘላቸውም፣ መሰንጠቅ ጀመረ፣ ስለዚህ አቀለሉት። ቀጥለው እዛው አካባቢ ሌላ ሰሩ፣ ከመጀመሪያውም ጀምሮ በ43 ዲግሪ። ከዛ ነው ልጁ ኩፉ ጊዛ ላይ 146 ሜትር የቆለለው። ኮከብ አቋርጦ የመጣ ፍጡር ለምን መሃል ላይ ዲግሪ ይቀይራል? ደቡብ ግብጽ አስዋን ሂድ፣ ከ1,000 ቶን በላይ የሚመዝን ሃውልት ከአለቱ ሳይላቀቅ ተኝቷል፣ እየጠረቡት ስለተሰነጠቀባቸው ትተውት ሄዱ፣ የመቱበት ምልክት ዛሬም ድንጋዩ ላይ አለ። ጊዛ ውስጥ ደግሞ የሰራተኞቹ መቃብር እ.ኤ.አ በ1990 ተገኝቷል፣ ከንጉሱ ፒራሚድ ብዙም ሳይርቅ፣ ከመሃላቸው አጥንታቸው ተሰብሮ ታክሞ የዳነ ሰዎች አሉ። ይሄን ሁሉ ትቶ "ሰው አይችልም" ማለት እነዛን ሰዎች ከስራቸው ላይ መፋቅ ነው፣ በጣም ያመኛል ይሄ ነገር።

ወደኛም መጥቷል እኮ፣ ላሊበላን ማን ሰራው ሲባል መስቀል ጦረኞች ነው የሚል አለ፣ ኤልየኖች ነው የሚልም አለ። የአባቶቻችን ትውፊት ራሱ መላእክት አገዙ ሲል ቀን ሰዎቹ ሲሰሩ ይውላሉ ሌሊት መላእክቱ ይቀጥላሉ ነው የሚለው፣ ሰውየውን ከነመዶሻው አላባረረም። ሰሜን ወሎ ውስጥ ዛሬም በመሮና በመዶሻ አለት ፈልፍለው ቤተ ክርስቲያን የሚያንጹ አባቶች አሉ። ስለ አቴንስ ፓርተኖን ወይም ስለ ፓሪስ ኖትርዳም ግን ኤልየን ሰራው ሲባል ብዙም አትሰማም።

አክሱም ላይ የወደቀው ትልቁ ሃውልት 33 ሜትር ነው፣ ክብደቱ 520 ቶን ገደማ ይገመታል፣ ብዙ ተመራማሪዎች ሲያቆሙት ወይም ከቆመ ብዙም ሳይቆይ ወደቀ ነው የሚሉት፣ ከቁመቱ አንጻር መሬት ውስጥ የገባለት ትንሽ ነው። ድንጋዩ የወጣው ከከተማው በስተ ምዕራብ 4 ኪሎ ሜትር ገደማ ከሚርቀው ጎቦድራ ነው፣ እዛ አለቱ ላይ ሽብልቅ የገባባቸው ቀዳዳዎች በተርታ ተደርድረው ይታያሉ፣ ተጀምሮ የቀረ ሃውልትም አለ። ይሄን ስለው ስልኩን አውጥቶ የጎቦድራን ፎቶ ፈለገ፣ አጎላው፣ በቀዳዳና በቀዳዳ መሃል ያለውን ርቀት አየና "መስመር ይዘው ነው የከፈሉት እኮ!" አለ። ከዛ ናፕኪን ላይ መጻፍ ጀመረ፣ 520 ቶን፣ የሰበቃ መጠን፣ ቁልቁለቱ፣ አንድ ሰው በስንት ኪሎ ኃይል ይጎትታል ምናምን። ፒራሚዱ ላይ ገና አልለቀቀኝም፣ አክሱም ላይ ግን ጭቅጭቃችን ስንት ሰው ያስፈልጋል የሚለው ሆኗል፣ እሱ ሺዎች ይላል፣ እኔ ዝሆን ተጠቅመው ሊሆን ይችላል ስለው ለዝሆን ሌላ ሂሳብ ጀመረ።